በቅንፉ ውስጥ ወይስ ከቅንፉ ውጭ? የኤስኪውኤል ቅደም ተከተልና የምርምራችን ተዓማኒነት

በሕክምና ምርምር «ምን ተሰጠ?» ከሚለው ጥያቄ ባልተናነሰ «በምን ተራ ተሰጠ?» የሚለው ጥያቄ ክብደት አለው። አንድ ተኝቶ የሚታከም ሰው በመጀመሪያ ሴፍትሪያክሶን፣ ቀጥሎም ሜሮፔነም ታዞለት ከሆነ፣ መዝገቡን የሚያነብ ተመራማሪ ሕክምናው ወደ ጠንካራው ፀረ ባክቴሪያ ማደጉን ይረዳል። ተራው ቢገለበጥ ትርጉሙም ይገለበጣል፤ ሐኪሙ ሰፊ ሽፋን ባለው መድኃኒት ጀምሮ የላቦራቶሪ ውጤት ሲደርሰው ያጠበበ ይመስላል። ታካሚው ያው፣ መድኃኒቶቹም ያው ናቸው። የፀረ ባክቴሪያ አጠቃቀምን በሚመረምር ጥናት ግን አንደኛው ንባብ ለስጋት፣ ሌላኛው ለምስጋና ምክንያት ይሆናል።

ይህን ተራ ከኤሌክትሮኒክ መዝገብ አውጥቶ ለተመራማሪው የሚያቀርበው አብዛኛውን ጊዜ አንድ አጭር የኤስኪውኤል ኩዌሪ ነው። በዚያ ኩዌሪ ውስጥ «ኦርደር ባይ» የሚለው ትእዛዝ የሚቀመጥበት ቦታ ግራ የሚያጋባ፣ ከሶፍትዌር ሶፍትዌር የሚለያይ፣ አንዳንዴም ያለ ምንም የስህተት መልእክት ሌላ ትርጉም የሚይዝ ነው። የዚህ ጽሑፍ ሙግት ሁለት ክፍል አለው። አንደኛ፣ ግራ መጋባቱ ከተማሪዎች ስንፍና የሚመጣ ሳይሆን ከቋንቋው አሠራር የተወለደ ነው። ሁለተኛ፣ አሠራሩ እስኪስተካከል ልንጠብቅ ስለማንችል፣ ቅደም ተከተልን በግልጽ መጻፍና የጻፍነውን ኩዌሪ ለገምጋሚ ማሳየት የምርምር ሥነ ዘዴያችን አካል መሆን አለበት። ለንባብ እንዲመች የኤስኪውኤል ቁልፍ ቃላትን እንደ አነባበባቸው በፊደላችን ጽፌያለሁ።

ጉዳዩ ለምን እኛን ይመለከታል?

በ2000 ዓ.ም. አገልግሎት የጀመረው የዓይደር ሆስፒታል የመቐለ ዩኒቨርሲቲ የጤና ሳይንስ ኮሌጅ ማስተማሪያ ነው። ከትግራይ በተጨማሪ ከአፋርና ከሰሜን ምሥራቅ አማራ የሚመጡ ታካሚዎችንም ያስተናግዳል። በግቢው ከሚሠሩ የማስተርስ ጥናቶች መካከል ብዙዎቹ ወደ ኋላ ተመልሰው የታካሚ መዝገብ የሚያገላብጡ ናቸው። በአገር አቀፍ ደረጃ ደግሞ የጤና ሚኒስቴር የሚጠቀምበት ዲኤችአይኤስ2 የተባለው ሥርዓት በፖስትግሬስኪውኤል የመረጃ ቋት ላይ ይሠራል። በበርካታ የአፍሪካ አገሮች የሚታወቀው ኦፕን ኤምአርኤስ የተባለው የታካሚ መዝገብ ሥርዓት በአንጻሩ ማይኤስኪውኤልን ይጠቀማል። ስለዚህ አንድ የጤና መረጃ ተመራማሪ በአንዱ የተማረውን አጻጻፍ ይዞ ወደ ሌላው መሻገሩ ብርቅ ነገር አይደለም። ወጥመዱም የሚጠብቀው በዚሁ መሻገሪያ ላይ ነው።

የችግሩ ሥር

ኤድጋር ኮድ እ.ኤ.አ. በ1970 ባቀረበው የዝምድና ሞዴል መሠረት ሠንጠረዥ የረድፎች ስብስብ ነው፤ ስብስብ ደግሞ ተራ የለውም። ዶናልድ ቻምበርሊንና ሬይመንድ ቦይስ እ.ኤ.አ. በ1974 በአይቢኤም ያስተዋወቁት ቋንቋም ይህንኑ መሠረት ወረሰ። ረድፎቹ በዲስኩ ላይ በማንኛውም ተራ ቢቀመጡ ኩዌሪው ግድ የለውም፤ ተራ የሚኖረው ጠያቂው «ኦርደር ባይ» ብሎ በመጨረሻ ሲጠይቅ፣ እሱም በውጤቱ አቀራረብ ላይ ብቻ ነው።

ለረጅም ጊዜ ይህ በቂ ነበር። ብዙ ረድፎችን ወደ አንድ ዋጋ የሚያጠቃልሉት ቀደምት አሰባሳቢ ፈንክሽኖች፣ ማለትም ቆጠራ፣ ድምር፣ አማካይ፣ ትንሹና ትልቁ፣ ተራ አያስፈልጋቸውም፤ ሁለትና ሦስት ቢደመሩ፣ ሦስትና ሁለት ቢደመሩ ውጤቱ አምስት ነው። ኋላ ላይ ግን ዋጋዎችን በአንድ ሐረግ የሚያያይዙ፣ ወደ ዝርዝር የሚሰበስቡና መካከለኛውን ዋጋ የሚፈልጉ ፈንክሽኖች መጡ። እነዚህ ያለ ተራ ትርጉም የላቸውም። ተራ በማያውቅ ቋንቋ ውስጥ ተራ የሚሹ ፈንክሽኖች ሲገቡ፣ ለእነሱ የሚሆን ቦታ በየአጋጣሚው ተበጀ እንጂ በአንድ ዕቅድ አልታነጸም።

አንድ ቃል፣ አራት ቦታ

ዛሬ «ኦርደር ባይ» በአንድ ኩዌሪ ውስጥ በአራት ቦታዎች ሊገኝ ይችላል፤ በየቦታውም ሥራው የተለየ ነው።

የመጀመሪያው ከኩዌሪው መጨረሻ ያለው ነው። ይህ የውጤቱን ረድፎች ብቻ ይደረድራል። ለእያንዳንዱ ታካሚ የመድኃኒቶቹን ዝርዝር የሚያወጣ ኩዌሪ መጨረሻ ላይ ቢጻፍ፣ ማን ታካሚ ቀድሞ እንደሚታይ ይወስናል፤ በታካሚው ዝርዝር ውስጥ የትኛው መድኃኒት እንደሚቀድም ግን አይወስንም።

ሁለተኛው በፈንክሽኑ ቅንፍ ውስጥ ያለው ነው። በፖስትግሬስኪውኤል፦

ሴሌክት ታካሚ, ስትሪንግ_አግ(መድኃኒት, ' / ' ኦርደር ባይ ቀን)
ፍሮም ትእዛዝ ግሩፕ ባይ ታካሚ;

የፈለግነውን ተራ የሚሰጠው ይህ ነው። «ሴፍትሪያክሶን / ሜሮፔነም» የሚለው ሐረግ የሚገነባው ቀኑን ተከትሎ ነው።

ሦስተኛው ከቅንፉ ውጭ «ዊዝኢን ግሩፕ» ከሚለው ሐረግ ጋር የሚመጣው ነው። የሆስፒታል ቆይታን መካከለኛ ዋጋ ለማግኘት እንዲህ ይጻፋል፦

ፐርሰንታይል_ኮንት(0.5) ዊዝኢን ግሩፕ (ኦርደር ባይ የቆይታ_ቀን)

እዚህ ላይ «የቆይታ_ቀን» መደርደሪያ ብቻ ሳይሆን ራሱ የሚሰላው ዋጋ ነው። በሌላ ዓምድ ብንተካው የሌላ ነገር መካከለኛ ዋጋ እናገኛለን። በኦራክል ግን ይኸው «ዊዝኢን ግሩፕ» ሊስት_አግ ከተባለው የማያያዣ ፈንክሽን ጋር ሲመጣ፣ በውስጡ ያለው ዓምድ መደርደሪያ ብቻ ይሆናል፤ የሚያያዘው ዋጋ ቀድሞ በመጀመሪያው ቅንፍ ተቀምጧል። ሐረጉ አንድ ሆኖ ሳለ በአንዱ ቦታ «ይህን አስላ»፣ በሌላው «በዚህ ደርድር» ይላል።

አራተኛው «ኦቨር» ከሚለው ቃል ቀጥሎ በሚከፈተው ቅንፍ ውስጥ ያለው ነው። ይህ ከመደርደርም አልፎ ስሌቱን ይለውጣል። የአንድን ታካሚ መጠን ለመደመር የተጻፈ ድምር፣ «ኦቨር» ውስጥ «ኦርደር ባይ ቀን» ሲጨመርበት፣ አጠቃላይ ድምር መሆኑ ቀርቶ እስከ ዕለቱ የተከማቸውን ድምር በየረድፉ ይሰጣል።

ጉዳዩን የሚያከፋው ዓለም አቀፉ ደረጃ ራሱ አንድ መንገድ አለመምረጡ ነው። ደረጃው ለዝርዝር ሰብሳቢው አሬይ_አግ ተራውን በቅንፉ ውስጥ አስቀመጠ፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ለተካተተው ሊስት_አግ ግን ከቅንፉ ውጭ አወጣው። ሁለቱም ዋጋዎችን በተራ የሚሰበስቡ ሆነው ሳለ አጻጻፋቸው ተለያየ። ኤስኪውኤል ሰርቨር በ2017 እትሙ ስትሪንግ_አግ የሚለውን ስም ከፖስትግሬስ ጋር ቢጋራም፣ ተራውን የሚጽፈው እንደ ኦራክል በ«ዊዝኢን ግሩፕ» ነው። ኤስኪውላይት ደግሞ በቅንፍ ውስጥ ተራ መቀበል የጀመረው እ.ኤ.አ. በኅዳር 2023 በወጣው 3.44 እትሙ ነው።

በእኔ እምነት ትክክለኛው ክፍፍል የፖስትግሬስ ነው። ተራው ለሚሰበሰቡት ዋጋዎች አገልጋይ ከሆነ በቅንፉ ውስጥ፣ ከሁሉም ግብዓቶች በኋላ ይቀመጥ፤ «ዊዝኢን ግሩፕ» ደግሞ የሚደረደረው ዋጋ ራሱ የስሌቱ ግብዓት ለሆነባቸው እንደ ፐርሰንታይል ላሉ ፈንክሽኖች ብቻ ይጠበቅ። እንዲህ ሲሆን ቦታው ትርጉሙን ይናገራል። ደረጃው ሊስት_አግን ወደ ሁለተኛው ጎራ በመጨመሩ ይህን ልዩነት አደብዝዞታል።

ጩኸት ያለውና ጩኸት የሌለው ስህተት

በፖስትግሬስም ቢሆን ነገሩ ሁሉ ቀና አይደለም። ከላይ ባየነው ምሳሌ ማያያዣውን ምልክት ከቀኑ በኋላ ብናስቀምጠው፣ ማለትም «መድኃኒት ኦርደር ባይ ቀን, ' / '» ብለን ብንጽፍ፣ ሶፍትዌሩ የሚረዳው አንድ ግብዓት ብቻ ያለው ፈንክሽን በሁለት መደርደሪያዎች እንደተጠራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የ9.0 እትም በሙከራ ላይ ሳለ ስትሪንግ_አግ በአንድ ግብዓትም ይሠራ ስለነበር፣ ይህ የተሳሳተ አጻጻፍ ያለ ተቃውሞ ያልፍ ነበር። ሰዎች ግራ ሲጋቡበት ገንቢዎቹ ባለ አንድ ግብዓቱን ቅርጽ እትሙ ከመውጣቱ በፊት አስወገዱት። ዛሬ ይህን የሚጽፍ ሰው የስህተት መልእክት ይደርሰዋል፤ ከመልእክቱም ጋር «ኦርደር ባይ» ቦታውን ስቶ እንደሆነ የሚጠቁም ፍንጭ ይመጣል። ለአንድ የአጻጻፍ ስህተት የተለየ ፍንጭ መዘጋጀቱ ስህተቱ የጥቂቶች እንዳልሆነ ይመሰክራል።

ይህ ጩኸት ያለው ስህተት ነው፤ ጩኸት ያለው ስህተት ደግሞ ምርምርን አይጎዳም። የሚጎዳው ዝም የሚለው ነው። በፖስትግሬስ ትክክል የሆነውን አጻጻፍ ስሙን ብቻ ወደ ግሩፕ_ኮንካት ለውጠን ወደ ማይኤስኪውኤል ብንወስደው ያለ ምንም ስህተት ይሠራል። ነገር ግን ማይኤስኪውኤል ማያያዣውን የሚጠብቀው «ሴፓሬተር» ከሚል ቃል በኋላ ስለሆነ፣ ምልክታችንን እንደ ተጨማሪ ጽሑፍ ቆጥሮ በእያንዳንዱ መድኃኒት ጭራ ላይ ይለጥፈዋል፤ በመካከላቸው ደግሞ የራሱን ኮማ ይጨምራል። ከዚያም ውጤቱን በምልክቱ የሚከፋፍል ፕሮግራም የመድኃኒቶቹን ብዛት ይስታል። በተጨማሪም ማይኤስኪውኤል የዚህን ፈንክሽን ውጤት፣ ካልተነገረው በቀር፣ በ1024 ባይት ላይ ይቆርጠዋል፤ የሚተወው ምልክት ብዙዎች የማይመለከቱት ማስጠንቀቂያ ብቻ ነው። የኢትዮጵያ ፊደል በተለመደው ዩቲኤፍ-8 አጻጻፍ በሆሄ ሦስት ባይት ስለሚወስድ፣ በአማርኛ ወይም በትግርኛ የተጻፈ ማስታወሻ ከ341 ሆሄ ገደማ በኋላ ይቋረጣል። የሚጠፋው የዝርዝሩ መጨረሻ፣ ማለትም የታካሚው የቅርብ ጊዜ ታሪክ ነው።

ቀን የሌላቸው ረድፎችም አሉ። በቀን ተራ ስንደረድር ፖስትግሬስ ባዶውን ቀን ከሁሉም በኋላ ያስቀምጠዋል፤ ማይኤስኪውኤል ግን ከሁሉም በፊት ያመጣዋል። ቀኑ ያልተመዘገበ አንድ የሜሮፔነም ትእዛዝ በአንዱ ሥርዓት የሕክምናው ማብቂያ፣ በሌላው የሕክምናው መነሻ ይሆናል። በአንድ ቀን የታዘዙ ሁለት መድኃኒቶችም ሰዓት ወይም ሌላ መለያ ካልተጨመረ በተራቸው ላይ ዋስትና የላቸውም።

ቀኑስ ምን ዓይነት ቀን ነው?

ተራው በትክክለኛው ቦታ ቢጻፍም፣ የሚደረደርበት ዓምድ ራሱ ታማኝ ካልሆነ ትርፍ የለውም። በእኛ አገር ይህ ልዩ መልክ አለው። የመረጃ ቋቶች የቀን ዓይነት የሚያውቀው የጎርጎርዮሳዊውን አቆጣጠር ነው። ጥቅምት 30ን 30/2 ብሎ ማስገባት አይቻልም፤ ፌብሩዋሪ 30 ቀን የለውምና። ጳጉሜን ደግሞ አሥራ ሦስተኛ ወር ስለሆነች ጨርሶ ቦታ አታገኝም። ከዚህ የተነሣ ብዙ ጊዜ የሚወሰደው አቋራጭ ቀኑን እንደ ተራ ጽሑፍ መመዝገብ ነው። ጽሑፍ ግን በሆሄ እንጂ በጊዜ አይደረደርም፤ «10/2/2015» የሚለው በ1 ስለሚጀምር ከ«9/2/2015» ይቀድማል። ኩዌሪው እንከን የለውም፤ ተራው ግን ሐሰት ነው። በአገራችን የሰዓት አቆጣጠር የተጻፈ «3 ሰዓት»ም የጠዋት ይሁን የሌሊት ካልተለየ እንዲሁ ያሳስታል።

የሚደረደርበት ዓምድ የድርጊቱ ቀን ይሁን ወይስ የምዝገባው የሚለው ጥያቄ ደግሞ ለመቐለ የቅርብ ትዝታ ነው። ጥቅምት 25 ቀን 2013 ዓ.ም. ከተቀሰቀሰው ጦርነት እስከ ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. የፕሪቶሪያ ስምምነት ድረስ በነበረው ዘመን መብራትና የመገናኛ አገልግሎት ለረጅም ጊዜ ተቋርጠው ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ መዝገብ በወረቀት ይያዛል፤ ኋላ ላይ ወደ ኮምፒዩተር ሲገባም የሚገባው በተገኘበት ተራ ነው። በዚያ ሁኔታ የረድፉን መለያ ቁጥር ወይም የምዝገባ ቀኑን እንደ ቅደም ተከተል የሚወስድ ጥናት፣ የሕመሙን ታሪክ ትቶ የጸሐፊውን የሥራ ታሪክ ይነግረናል። ያ ዘመን ሊጠና የሚገባው ስለሆነ ጥንቃቄውም እጥፍ ሊሆን ይገባል።

ሁለት ተቃውሞዎች

«ጥሬውን መረጃ አውጥተን በአር ወይም በስታታ ብንደረድረውስ?» የሚል አለ። ለትንሽ ጥናት ይህ ተገቢ መንገድ ነው። ይሁን እንጂ ግዴታውን ወደ ሌላ ቦታ ያዛውረዋል እንጂ አያስቀረውም፤ በዚያም ቢሆን መደርደሪያው፣ የባዶው ቀን ዕጣና የእኩሎች መለያ መጻፍ አለባቸው። ከዚህም በላይ እያንዳንዱን የታካሚ ረድፍ ከሆስፒታሉ ሥርዓት ወደ ግል ላፕቶፕ ማውጣት የምስጢር ጥበቃ ጥያቄ ያስነሣል። የተጠቃለለ ውጤት ብቻ ማውጣት በሚቻልበት ሁሉ ያ ይመረጣል።

«በውስጠኛ ኩዌሪ ቀድሞ መደርደር ይበቃል፤ ሁልጊዜም ሠርቶልናል» የሚልም አለ። የፖስትግሬስ መመሪያ ይህ አብዛኛውን ጊዜ እንደሚሠራ፣ ነገር ግን በውጨኛው ኩዌሪ እንደ ጆይን ያለ ተጨማሪ ሥራ ካለ ሊከሽፍ እንደሚችል ያስጠነቅቃል። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው 16ኛው እትም ደግሞ ስትሪንግ_አግንና አሬይ_አግን በበርካታ ፕሮሰሶች ከፋፍሎ ጎን ለጎን ማስላት ጀመረ። በቅንፉ ውስጥ ተራ ያልጻፈ ኩዌሪ ትላንት በአንድ መስመር ሲሠራ በአጋጣሚ የጠበቀውን ተራ፣ ሥራው ሲከፋፈል ላይጠብቀው ይችላል። «ሁልጊዜ ሠርቷል» የሚለው ቃል በአንድ እትም፣ በአንድ ማሽንና በአንድ የመረጃ መጠን ላይ የተመሠረተ ምስክርነት ነው። ሌላ ተመራማሪ ደግሞ ሲያገኘው የሚገባው ውጤት በአጋጣሚ ላይ ሊመሠረት አይገባውም።

ምን ይደረግ?

የምጠይቀው ብዙ ወጪ የማይፈልግ ነገር ነው። በመጀመሪያ፣ ተራ ትርጉም ባለው ማንኛውም የማሰባሰብ ሥራ መደርደሪያው በአሰባሳቢው ፈንክሽን ላይ ይጻፍ፤ እኩል የሚሆኑትን የሚለይ ሁለተኛ መደርደሪያ ይጨመርበት፤ ቀን የሌላቸው ረድፎች የት እንደሚሰለፉም ሆነ ጨርሶ እንደሚወጡ ተወስኖ ይገለጽ። ሁለተኛ፣ የድርጊት ቀን በጎርጎርዮሳዊ የቀን ዓይነት ይቀመጥ፤ የኢትዮጵያው ቀን ለዕይታ ይቀየር፤ የምዝገባ ቀን ደግሞ ከድርጊት ቀን ተለይቶ በራሱ ዓምድ ይያዝ። ሦስተኛ፣ የመረጃ ቋት ትምህርታችን ድምርና ቆጠራ አስተምሮ ሲያበቃ፣ የ«ኦርደር ባይ»ን አራት ቦታዎች ጎን ለጎን አቅርቦ ተማሪው የእያንዳንዱን ውጤት አስቀድሞ እንዲገምት ያድርግ።

አራተኛውና ዋናው፣ መረጃው የወጣበት ኩዌሪ ከሶፍትዌሩ ስምና እትም ጋር በመመረቂያ ጽሑፉ አባሪ ላይ ይካተት፤ ገምጋሚዎችም ያንብቡት። የናሙና አወሳሰድን ቀመር በዝርዝር እንጠይቃለን፤ የጥያቄ ቅጹን በሦስት ቋንቋ አባሪ እናደርጋለን። መረጃውን ከመዝገቡ ያወጣው ኩዌሪ ግን «መረጃው ከኤሌክትሮኒክ መዝገብ ተወስዷል» በሚል አንድ ዐረፍተ ነገር ይታለፋል። ያ ዐረፍተ ነገር ሴፍትሪያክሶን ይቅደም ወይስ ሜሮፔነም በምን እንደተወሰነ አይነግረንም። ኩዌሪው ግን ይነግረናል፤ አንድ ገጽ የማይሞላ አባሪ ነው፤ ከአሁኑ የምርምር ዙር ጀምሮ ልንጠይቀው እንችላለን።